የሐይቁ የጡት ልጅ

ሐይቁ ለሐዋ ሳቀላት።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ደጅ ጥናት ላይ ነን። እንደ ወትሮው በየማኅበራችን ተሰልፈን፣ ነጠላችንን አደግድገን፣ ዳርቻው ላይ ከተተከለው፣ ሐይቁ ከሚናገርበት የአፈ ሐይቁ ምሰሶ ፊት ቆመናል። ዓሣ አስጋሪዎች ከፊት፣ ባለ ጀልባዎች ቀጥለው፣ እኛ በጎ አድራጊዎች ከኋላ። ተራችን ሲደርስ ቀረብ ብለን "እንዴት አደሩ?" እንላለን። ሐይቁ ለክርስቲያኑ "እግዜር ይመስገን"፣ ለሙስሊሙ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፤ የወሎ ሐይቅ አይደል። የመጣውንና የቀረውን ለይቶ ያውቃል። ደጋግሞ የቀረ ማኅበር ሐይቁ የሚሰጠው የዓመት ድርጎ ሲቀነስበት ስላየን ጉንፋን ይዞንም እንመጣለን።

ሐዋ ግን "እንዴት አደሩ?" አላለችም። የሰፈሯን ሴት ልጆች አስከትላ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባችና ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ አንሳፈፈች። ከዚያ እሱንም ውሃውንም እንደ ከበሮ ይመቱት ጀመር። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ውሃው ይረጫል፣ ከፊት የቆሙት ዓሣ አስጋሪዎች ልብሳቸው ይበሰብሳል። ሐይቁ ከት ብሎ ሳቀ።

"እሰይ! እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ ዓለም!" አላት።

እኔ ትርንጎ፣ የደንገል የሥነ ጥበብ በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ ሠላሳ ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ለእኔ ከተናገረኝ ሁሉ ትልቁ ቃል "ደህና ነው" የሚል ነው። በቅናት ድብን አልኩ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም፤ ቅናት ነው።

ሐይቁ ሰው የሆነው እኔ ወጣት ሳለሁ ነበር። ፍርድ ቤት ሰው ነው ብሎ ወሰነለት፤ የባንክ ሒሳብ ተከፈተለት፤ ሞግዚት ተሾመለት፤ በመጨረሻ አፍ ተሰጠው። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚጠጡት ውሃ ይከፍሉታል፣ ሆቴሎቹ በመስኮታቸው ለሚታየው ይከፍሉታል። አፍ ባወጣ ሰሞን ምን እንደሚባል አያውቅም ነበር። ንግግር የተማረው ከእኛ ነው፤ በየጠዋቱ እየሄድን ከምናመሰግነው፣ ከምንለማመጠው፣ አንዳችን ሌላውን እያማን ከምንሟገተው ከእኛ።

የደንገል ሥራ እንዲህ ነው። ከዳርቻው ደንገል ቆርጠን እናደርቃለን፣ እንሰነጥቃለን፣ ድሮ እዚህ ይኖሩ የነበሩ ወፎችን እንሠራበታለን። ሰው የሚያህል ርኩም፣ ሳቢሳ፣ ይብራ። ታንኳ ላይ አቁመናቸው ከመንደር መንደር እንዞራለን፤ ገመድ ስንስብ ክንፋቸውን ያነሣሉ፤ እኔ የየወፉን ታሪክ እናገራለሁ። ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል። አንዳንድ ሽማግሌ "ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ" ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ የሚያስቅ ነገር የለውም።

ድርጎው ታዲያ ለሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው። ማጭድ ይገዛል እንጂ ማጭዱን የሚይዘውን ሰው አያበላም። ኪራይ፣ መብራትና ደመወዝ "አስተዳደራዊ" ይባላሉ፤ ሐይቁ ደግሞ አስተዳደራዊ አይወድም። ስለዚህ የሒሳብ ሹማችን ጋሽ ይማም በየዓመቱ እኛን በወፎቹ ውስጥ ይደብቀናል። "የርኩም ክንፍ ጥገና" ማለት የእኔ ደመወዝ ነው። "የሳቢሳ እግር" የእሱ ነው፤ እግሩን ያመዋልና ራሱ ነው የመረጠው።

የዚያን ዕለት ከደጅ ጥናት ስመለስ ይማም በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ትርንጎ፣ ሰኔን እንደምንም እናያታለን" አለኝ። "ሐምሌን ግን አላየኋትም። አከራዩ ጨምሯል፤ ወፎቹም ከዚህ በላይ ሰው አይሸከሙም።"

"ምን ይሻላል?"

"አልሰማሽም እንዴ? ሐይቁ የጡት ልጅ ሊይዝ ነው።"

ነገሩ የጥንት ልማድ ነው። ድሮ ትልቅ ሰው ልጅ ሊያደርገው የወደደውን ማር ከአውራ ጣቱ ያስልሰዋል፤ የላሰው የቤት ልጅ ይሆናል፣ እስከ ዕድሜ ልኩ ከዚያ ቤት አይወጣም። የሐይቁ ጠበቆች ይህን ከየት ቆፍረው እንዳወጡት አላውቅም። የጡት ልጅ የሚሆነው ማኅበር ከድርጎ ይወጣል፤ ኪራዩም ደመወዙም መብራቱም ከሐይቁ ኪስ ነው፣ ለዘላለም። የሚመረጠው ደግሞ አንድ ማኅበር ብቻ ነው።

"ሪፖርትስ?" አልኩት።

"ልጅ ለአባቱ ሪፖርት ያቀርባል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወና "ከተማው ግን ሐዋ ናት እያለ ነው" አለኝ።

ሐዋ የእኔ ተማሪ ነበረች። ደንገል እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ጣቷን ስትቆርጥ በነጠላዬ ጫፍ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ከእኛ ወጥታ የራሷን ማኅበር ስታቋቁም "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልነከሰችኝም። ጠግባ፣ አመስግና፣ ተነሥታ ሄደች። የባሰብኝ እሱ ነው። ቢሮ የላትም፣ የሒሳብ ሹም የላትም፣ ያላት ጀሪካንና የሰፈር ሴት ልጆች ብቻ ነው። የእኔን ወፎች የሚሠሩት ሰዎች ዓይናቸው እስኪቀላ ይሰነጥቃሉ፤ እሷ ውሃ ትመታለች። ሐይቁም ይስቃል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቅርብ ሆኜ እኔ ልጥ መንከሪያ ሆንኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ራሷ መጣች። የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ፣ እንደ ድሮው ደንገሉ ክምር ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር አስቤ ነው የመጣሁ" አለችኝ። "ለምን አንድ ላይ አንሆንም? አንድ ማኅበር ሆነን እንቅረበው። እርስዎ ወፎቹን ያምጡ፣ እኔ ልጆቹን። ወላሂ፣ ርኩሟ ክንፏን ስታነሣ ከሥር ብንመታላት ያምራል።"

"አዝነሽልኝ ነው?"

"ኧረ አዝኜ አይደለም! ወፎቹ ደስ ስለሚሉኝ ነው። ብቻችንን ሆነን ደግሞ ሁለታችንም እንደክማለን።"

ያለችው ትክክል ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ምጽዋት ነው። አስብበታለሁ አልኳት። እሷም ነገሩ ያለቀ መስሏት ደስ ብሏት ዓሣውን ትቆርስልኝ ጀመር፤ ሰው ደስ ሲለው ደግሞ የሆዱን ያወጣል።

"ታውቂያለሽ" አለች፤ ደስ ሲላት አንቺ ማለት ይቀናታል፤ "ዓርብ ዓርብ አርዲቦ ነው የምንሄድ።"

አርዲቦ ከተራራው በላይ ያለች ትንሿ ሐይቅ ናት። እሷም ሰው ከሆነች ቆይታለች፤ አፍ ያወጣችው ግን በቅርቡ ነው።

"እዚያ ምን አለ?" አልኳት።

"ምንም የላትም፣ የተባረከችዋ። ገንዘብ ስለሌላት ማንም ደጇን አይጠናም። ብቻዋን ታወራለች እኮ። ሰው ያለፈ ሲመስላት 'ማነው?' ትላለች። እኛ ሄደን ትንሽ ስንመታላት ታለቅሳለች።"

"ለሐይቁ ነግረሽዋል?"

"ኧረ ምን ብዬ? ውሃው እንደሁ ያው ነው። ከእሷ ወርዶ አይደል እሱ ጋ የሚገባው?"

ዓርብ ዓርብ ከደጅ ጥናት እንደምትቀር ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቁም ያውቃል፤ ጁምዓ ነው ብሎ ይተዋት ነበር።

በማግስቱ ተራዬ ሲደርስ ቀረብ ብዬ "እንዴት አደሩ?" አልኩ።

"እግዜር ይመስገን። ሐዋ ዛሬም የለችም?"

ዝም ብል ይበቃ ነበር። "ጁምዓ ነው" ብልም ይበቃ ነበር።

"አርዲቦ ሄዳለች" አልኩ። "ዓርብ ዓርብ እዚያ ናት።"

"ከማን ሰማሽ?"

"ከራሷ አፍ።"

"እዚያም ትመታለች?"

"ትመታለች። እንዲያውም ያዩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ለአርዲቦ ከእርስዎ አብልጣ ነው የምትመታላት።"

የመጨረሻዋን እኔ ጨመርኩባት። ያየ ሰው አልነበረም፤ ያለም አልነበረም። ሐይቁ "እንዴት አድርጋ?"፣ "ስንት ሆነው?"፣ "አርዲቦስ ምን አለቻት?" እያለ ጠየቀኝ። አጠያየቁን አወቅሁት። ይማምን ስለ ሐዋ ድርጎ ስጠይቀው እንደዚያ ነው የምጠይቀው፤ ሁሉንም፣ በዝርዝር፣ የሚያመኝን እየመረጥኩ። ያወቅሁትን ሁሉ መለስኩለት። ያላወቅሁትንም መለስኩለት።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሐይቁ ለማንም ሰላምታ አልመለሰም። ዓሣ አስጋሪዎቹ "እንዴት አደሩ?" ይላሉ፤ ምሰሶው ዝም። ባለ ሆቴሎቹ ደነገጡ። ሽማግሌ ተላከ፤ ሼኪውም ቄሱም አብረው ወርደው ምን እንዳስቀየመው ጠየቁት። የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እኔ አልበቃኋትም?" አለ። ሽማግሌዎቹ ማንን እንደሆነ ሳይገባቸው ተመለሱ።

ሰኞ ሐዋ ልጆቿን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች። ጀሪካኑን ሳትገለብጠው ምሰሶው ተናገረ።

"ውጪ።"

ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። "ውጪ አልኩሽ" አለ። ሐዋ ወጣች። ቀሚሷ ውሃ እያንጠባጠበ በሰልፉ ጎን አለፈችና እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት።

ደስ አለኝ። አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። እስከ ቤቴ ድረስ ደስ እንዳለኝ ሄድኩ፤ ማታ እራት በደንብ በላሁ።

የጡት ልጅ የሆነው ደንገል ነው። ሥርዓቱ ዳርቻው ላይ ተደረገ፤ ከደሴ ሳይቀር ባለሥልጣን መጣ። የሐይቁ ሞግዚት፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ዝምተኛ ሰውዬ፣ አውራ ጣታቸውን መጀመሪያ በሐይቁ ውሃ ቀጥሎ በማር ነክረው ዘረጉልኝ። እኔ ማኅበሩን ወክዬ ላስኩ። ማሩ ጥሩ ነበር፤ ጣታቸው ትንሽ እስክሪብቶ እስክሪብቶ ይላል።

"ልጄ" አለኝ ሐይቁ።

ሰው ፊት አለቀስኩ። ይማምም አለቀሰ፤ በዚያው ሳምንት የእኛን ደመወዝ ከወፎቹ ሆድ አውጥቶ "ደመወዝ" ብሎ ጻፈው። አከራዩን ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጣሪያው ተጠገነ። ለደንገል ሰንጣቂዎቹ ጓንት ገዛን፣ ከዚያ በፊት ጓንት አስተዳደራዊ ነበር።

ደጅ ጥናት ላይ አሁን ከሁሉ ፊት እቆማለሁ። ሐይቁ "እግዜር ይመስገን" ብሎ አያሳልፈኝም። "ትናንት የት ዋልሽ?" ይለኛል። "ቢሮ" እላለሁ። "ከማን ጋር?" "ከይማም ጋር።" "ስለ እኔ ምን አወራችሁ?" አንድ ቀን ውኃ ልማት ቢሮ ሄጄ ስለ ሌላ ሐይቅ ስብሰባ መቀመጤን ሰምቶ እስከ ማታ አኮረፈኝ። ይማም "ኧረ ይሄ ነገር አላማረኝም" አለ። እኔ ኮራሁ። በዕድሜዬ አንድ የሚቀናብኝ አገኘሁ።

በግንቦት ሞግዚቱ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገቡ። ሐይቁ ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ እንዳይገባበት፣ የወንዙ መግቢያ በግንብ እንዲዘጋና ውሃው ወደ ቆላው እንዲዞር ይጠይቃል። "ከእሷ የሚመጣ ጠብታ አልፈልግም" ይላል የተያያዘው ቃል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ያልፈለገውን ስጦታ ያለመቀበል መብት አለው፤ ሐይቁም ሰው ነው።

"በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች" አለ ይማም፤ ግን አልሳቀም። "ትርንጎ፣ ይሄ ወንዝ ከተዘጋ እኮ ዳርቻው ይሸሻል። እኛው በዓይናችን እናየዋለን። እስካሁን የጠፋ ወፍ ነው ከደንገል የምንሠራ፤ ሐይቁንም ልንሠራው ነው? ደንገሉስ ከየት ይመጣል?"

"ምን ላድርግ?"

"ተቃወሚያ። እንዲህ ያለውን ነገር መቃወም የሚችል ቤተሰብ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ማነው? እኛ ነን፤ አንቺ ነሽ።"

"ልጅነቱስ?"

ይማም እግሩን አሸት አሸት አደረገ። "አባቱን የካደ ልጅ ልጅነቱ ይፈርሳል። ሐምሌ ላይ በር እንዘጋለን። እንዝጋ። እኔ ዕድሜዬን ወፍ ስቆጥር ኖሬያለሁ፣ ጡረታ ብወጣ አልሞትም።"

እቃወማለሁ አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት። እጄን ጨብጦ ሲያበቃ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር።

ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ወንዙ ከሐይቁ ወደሚቀላቀልበት ቦታ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት የማድነውን ነገር ለማየት። ድፍርስ፣ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ቅጠልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። "እንዴት አደሩ?" አይልም። ተራ አይጠብቅም፣ ነጠላ አያደገድግም። ማታም ጠዋትም፣ እንደመጣለት ይገባል፤ ሐይቁም ይቀበለዋል፤ ሲቀበለው ኖሯል። ከአርዲቦ ወደ እሱ፣ ያለማቋረጥ። እኔ ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ ከሰው አውራ ጣት ማር ላስኩ። በወንዙ ቀናሁ። በጭቃ ውሃ ቀናሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ችሎቱ የተቀመጠው ዳርቻው ላይ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ከምሰሶው ፊት ለፊት ነው። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ መነጽሯን እየጠረገች ማመልከቻውን አነበበች። ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ሐዋ ልጆቿን ይዛ ከኋላ ቆማለች፤ ከስታለች። ዳኛዋ "ተቃውሞ ያለው አለ?" ስትል እጇን አወጣች።

"የቤተሰብ አባል ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ቃልሽን መስማት አልችልም፤ ይቅርታ" አለቻት ዳኛዋ። ሐዋ እጇን አወረደች።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። ይማም ከጎኔ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ተነሣሁ። አፌን ልከፍት ስል ሐይቁ ራሱ ተናገረ።

"ልጄ ከመናገሯ በፊት አንድ ቃል አለኝ።"

ዳኛዋ ፈቀደች።

"አርዲቦ ትናንት ላከችብኝ" አለ። ድምፁ ለስለስ ብሏል፤ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "'ውሃዬን አትመልሰው፣ ሌላ የምሄድበት የለኝም' አለችኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አሳዘነችኝ። ከአፌ የወጣውን ራሴ አልመልስም፤ ልጄ ብትቃወም ግን አልቀየማትም፤ ልጅነቷንም አልነሣትም። ያኔ ወንዙ እንደ ቀድሞው ይግባ። ሐዋም ትመለስ። ከፈለገች እዚያም ትምታ፣ እዚህም ትምታ። ሁላችሁም ልጆቼ ናችሁ።"

ሕዝቡ እፎይ አለ። ከኋላ እልልታ የጀመረች ሴት ነበረች። ሐዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይማም "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለ ቀሚሴን ይጎትታል፤ ምንም ሳይቀርብን፣ ደመወዛችንም ሳይነካ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

እኔ ግን ድምፁን እየሰማሁ ነበር። "አሳዘነችኝ" ያለበትን ድምፅ። ሌሊቱን ሲያስባት ያደረው እሷን ነው። ስለ እኔ አንድ ሌሊት እንኳ ሲያስብ አድሮ አያውቅም። ነገ ጠዋት ስመጣ ወንዙን ከእኔ ቀድሞ ገብቶ አገኘዋለሁ፣ ሐዋ ትመታለች፣ እሱ ይስቃል። ለእኔም "ደህና ነው" ይለኛል።

"የጡት ልጅ ተቃውሞ አላት?" አለች ዳኛዋ፣ ለመጻፍ እስክሪብቶዋን አንሥታ፤ መልሱን የሰማችው ይመስል ፈገግ እያለች።

"የለኝም" አልኩ።

ዳኛዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። "ጥያቄው አልገባሽም መሰለኝ" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ይማም ቀሚሴን ለቀቀ።

"ገብቶኛል። ተቃውሞ የለኝም። የአባቴ ማመልከቻ እንዳለ ይጽናልኝ።"

ሐይቁ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

"እሺ፣ ልጄ" አለ። "አንቺ ካልሽ።"